ጋሼ ተሰማን ምን ያዛቸው?

በሽታ ሁለት ዓይነት ነው፤ ስም ያለውና ስም የሌለው። ይህን የምላችሁ ሐኪም ሆኜ ሳይሆን ሸዋ ሮቢት ስለኖርኩ ነው። ስም ያለው በሽታ የቱንም ያህል ቢከፋ ውሎ አድሮ ቤተኛ ይሆናል። ወባን ውሰዱ። በእኛ አገር ወባ እንደ ሩቅ ዘመድ ነበር፤ ዝናቡ ሲያባራ ይመጣል፣ ቤተሰቡን በየተራ ያስተኛል፣ ኪኒኑን ይቀበልና ይሄዳል። ለከርሞ እንደሚመለስ ስለሚታወቅም ማንም አልቅሶ አይሸኘውም። ስም የሌለው በሽታ ግን ሌላ ነው። እሱ የገባ ዕለት በሽተኛው አንድ፣ ሐኪሙ ግን ከተማው በሙሉ ይሆናል።

በሽታው ያረፈው ጭንቅላት ላይ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ጉድ ፈላ። ሆዱን ያመመው ሰው ሆዱን ይዞ «ሆዴን» ይላል። እግሩን ያመመው ያነክሳል። ጭንቅላቱ ውስጥ የታመመ ሰው ግን ምኑን ይዞ ምን ይበላችሁ? የሚናገርበት መሣሪያ እኮ ነው የተበላሸው! ስለዚህ ጎረቤት ይናገርለታል። ጎረቤት ደግሞ አንዴ አፉን ከከፈተ መዝጊያውን የሚያውቀው የለም።

ያን ጊዜ፣ የንጉሡ መንግሥት ወደ ማምሻው ሲቃረብ ማለቴ ነው፣ እኛ የይፋት ቆለኞች የጭንቅላት በሽታ አናውቅም ነበር ለማለት አይደለም። ያው ወባ ሲብስበት ወደ ራስ ይወጣል፤ ሰውየው በትኩሳት ይቃዣል፣ ራሱን ይስታል፣ ሳምንት ሳይሞላው ወይ ይነሣል ወይ ይቀበራል። የእብድ ውሻ በሽታም አለ፤ ንክሻው ድኖ ከተረሳ በኋላ ብቅ ይላል፣ ሰውን ከውሃ ያጣላል፣ ከመጣ ማንንም አይምርም። ስለሱ ባላወራ ይሻለኛል። ከዚያ ወዲያ መጃጀት ነው፤ እሱንማ በሽታ ብሎ የሚጠራውም አልነበረ። አባቴ በዚያ ነው የሄዱት። ዓመታት ወስደው ነው የረሱን። መጀመሪያ የገበያ ቀን ረሱ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ በኋላ እኔን በሟች ወንድማቸው ስም ይጠሩኝ ጀመር፤ እኔም «አቤት» እል ነበር። ምን ቸገረኝ? ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር አስለምዶ ነው የሚሄደው። ቤተሰቡ ከሰውየው እኩል ይራመዳል።

ጋሼ ተሰማን የያዛቸው ግን አልጠበቀንም።

ጋሼ ተሰማ የታላቅ እህቴ የእትዬ አስካለ ባል ነበሩ። እኔ ያን ጊዜ የሸዋ ሮቢት ትምህርት ቤት አስተማሪ ስሆን እነሱ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረችኝ፤ ክፍሏ የእኔ፣ ምግቡ የእህቴ። ጋሼ ተሰማ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። አሰብ ወደብ ከመርከብ የወረደውን ጭነው፣ በረሃውን አቋርጠው፣ በባቲና በኮምቦልቻ አልፈው፣ ካራቆሬን ወርደው እኛ ዘንድ ይደርሱና አንድ ሌሊት አድረው ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ። ረጋ ያሉ፣ መጠጥ የማይነኩ፣ ከሰው ይልቅ ለሞተር ብዙ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ከሁሉም የሚገርመው ንጽሕናቸው ነው። የሌላው ሾፌር ሚስት ባሏን በድምፁ ነው የምትለየው፤ ፊቱማ ከአፋር አሸዋ በታች ነው። ጋሼ ተሰማ ግን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፊታቸው እየበራ፣ ቅዳሴ አስቀድሰው የተመለሱ መስለው ነው ከመኪና የሚወርዱት። እህቴ ይህን ስታወራ ደረቷን ትነፋ ነበር። «የኔን ባል አቧራ አይነካውም» ትላለች።

አንዲት አመል ብቻ ነበረቻቸው። ቤታቸው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጀውሃ ላይ ይቆማሉ። የሚቆሙትም በላይነሽ በምትባል ሴት ምግብ ቤት ደጃፍ ነው። ይህን ከተማው ያውቃል፤ እህቴም ታውቃለች። አንድ ቀን ጠየቀቻቸው። «ራዲያተሩ ውሃ ይፈልጋል» አሏት። ራዲያተር ምን እንደሚፈልግ የምታውቀው ነገር ስላልነበራት ነገሩን ተወችው።

በሽታው ሲጀምር ልብ ያለው የለም። ጋሼ ተሰማ መኪናቸውን ከበራችን አልፈው የጎረቤት አጥር ጥግ አቆሙ። ሳቅን። ሻይ ሲሰጣቸው እጃቸውን ዘርግተው ከብርጭቆው አጠገብ ያለውን አየር ጨበጡ። ያኔ ትንሽ ሳቅን። ከዚያ አንድ ቀን ከሰንበቴ ወደ ጀውሃ በሚወስደው ሜዳ ላይ፣ ዕድሜ ልካቸውን በተመላለሱበት መንገድ፣ መኪናውን መሀል አስፋልት ላይ አቆሙና ረዳታቸውን «ይህ መንገድ ወዴት ነው የሚወስደው?» አሉት። ረዳቱ ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ ነው፤ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጋሼ ተሰማ አልሳቁም። ረዳቱ መሪውን ተረክቦ ቤት አመጣቸው።

ይህ የሆነው መስቀል ባለፈ ሰሞን ነው። ኅዳር ሲገባ ግድግዳ ሳይዙ መራመድ አቃታቸው፤ አረማመዳቸው ጠላ ቤት ውሎ የመጣ ሰው አረማመድ ሆነ። በር ድንገት ሲዘጋ እጅና እግራቸው ዘለል ይላል። አንደበታቸው ተሳሰረ። ዕድሜያቸው ገና ጎልማሳ ነው እኮ! አባቴ ዓመታት የፈጀባቸውን መንገድ ጋሼ ተሰማ ከመስቀል እስከ ኅዳር ጨረሱት።

ከተማው ሥራውን ጀመረ። «ወባ ነው፣ ራሱ ላይ ወጥቶ» አሉ። የክሊኒኩ ድሬሰር ደማቸውን ወስዶ አየ፤ ወባ የለም፣ ትኩሳትም የለም። «እንግዲያው ውሻ ነው፤ አሰብ ላይ ነክሶት ደብቆን ይሆናል» አሉ። ለዚህ ምርመራው ቀላል ነው። ግቢያችን በሰው ተሞልቶ አንድ ጣሳ ውሃ ቀረበላቸው። ከፊት የቆሙት ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ጋሼ ተሰማ ጣሳውን በሁለት እጃቸው እየተንቀጠቀጡ ይዘው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጡና፣ በዚያ በተሳሰረ አንደበታቸው፣ «ድገሙኝ» አሉ። ሰዉ ደስ ብሎት ይሁን ቅር ብሎት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ተበተነ።

ሦስተኛው ሐሳብ ግን በደምም በውሃም የሚመረመር አልነበረም። ስለዚህ እሱ ጸና። «ጀውሃ ያለችው ሴት ናት» ተባለ። «መስተፋቅር አብልታው፣ መጠኑ በዝቶበት ጭንቅላቱን መታው።» እንዲህ ያለ ወሬ እግር አያስፈልገውም፤ መኪና አለው። ሾፌሮች ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ አደረሱት። በላይነሽ ደጃፍ የሚቆም መኪና ጠፋ።

ነገሩ ወሬ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። የጋሼ ተሰማ ታላቅ ወንድም አቶ በቀለ ከቀወት ገጠር መጡ። አቶ በቀለ ረጅም፣ ቁጡ፣ ጠመንጃቸውን እንደ ከዘራ የሚይዙ ገበሬ ናቸው፤ ወንድማቸውን የሚወዱት ደግሞ ልክ በሌለው መውደድ ነው። ጋሼ ተሰማን አይተው አለቀሱ፤ እንባቸውን ጠርገው ወሬውን ሰሙ፤ ከሰሙ በኋላ አላለቀሱም። «ወይ የሠራችውን ትፈታለች፣ ወይ ቤቷን በላይዋ ላይ አነደዋለሁ» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸውን እንኳ አልጨመሩም። እኔ የፈራሁት እሱን ነው።

እትዬ አስካለም ወሬውን አምናለች። ሆኖም «ከእሳቱ በፊት እኔ ዓይኗን ልየው» ብላ እኔን አስከትላ በጭነት መኪና ጀውሃ ወረደች።

በላይነሽ ሰው በሌለበት ቤት ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። እህቴ ሰላምታም አልሰጠቻት፤ አልተቀመጠችም።

«ያበላሽውን አውጪልኝ» አለቻት።

«ማንን አበላሁ?»

«ተሰማን ነዋ! ባሌን።»

በላይነሽ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ጋሼ ተሰማ እዚህ ቤት በልተው አያውቁም» አለች። «የሚበላው ረዳታቸው ነው። እሳቸው 'አስካለ ምሳ ሠርታ ትጠብቀኛለች' ይላሉ፤ ሻይ እንኳ እምቢ ነው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የሚቆመው?»

በላይነሽ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ በአንድ እጇ ሳፋና ሳሙና፣ በሌላው ታጥቦ የተጣጠፈ ነጭ ሸሚዝ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እዚህ ነው የሚታጠቡት። ከአሰብ ሲመጡ እኮ ሰው አይመስሉም፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ይታጠቡና ንጹሑን ለብሰው ይሄዳሉ፤ የቆሸሸውን እኔ አጥቤ አቆያለሁ። 'አስካለ ያንን አሸዋ ካየች ሥራውን ተው ትለኛለች' ይሉኝ ነበር። ሌላ ነገር የለም፣ እትዬ። ማርያምን።»

እህቴ ያኔ ተቀመጠች። ሸሚዙን ሳብ አድርጋ ኮሌታውን በጣቷ ዳሰሰችው። «አቧራ አይነካውም እያልኩ ነው እኮ የኖርኩት» አለች። ለማን እንደተናገረች አላውቅም።

«ባለፈው ሲመጡ» አለች በላይነሽ፣ ቀስ ብላ፣ «እጃቸውን በሸሚዙ አንገት በኩል ሊያስገቡ ታገሉ። እኔ ነኝ ያለበስኳቸው። ደክሟቸው ነው ብዬ...»

«እኔም ደክሞት ነው ብዬ ነበር» አለች እህቴ።

ሁለቱ ሴቶች መጀመሪያ የተስማሙት በዚህች ነገር ነው። ስንነሣ እህቴ ሸሚዙን አልወሰደችውም።

እኔ ሞኙ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አቶ በቀለን አላወቅኋቸውማ! የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው፤ ወንድማቸው እዚያ ቤት አንዲት ጉርሻ እንዳልቀመሱ፣ የሚቆሙት ለመታጠብ እንደሆነ። በጥሞና ሰሙን።

«ሸሚዙ እሷ ዘንድ ነበር?» አሉ።

«አዎ።»

«በቃ! መስተፋቅር በልብስም ይሠራል።»

አያችሁ? እህቴን ያሳረፋት ያው ሸሚዝ አቶ በቀለን አነደዳቸው። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ተነሥታ ፊታቸው ቆመች። «አዲስ አበባ ወስጄ አስመረምረዋለሁ። እኔ እስክመለስ ክብሪት እንዳይጭሩ። ባሉ የኔ ነው፤ ተበዳይም ካለ እኔ ነኝ» አለቻቸው። አቶ በቀለ ጠመንጃቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ። እሺ ማለታቸው ነው።

አንድ የጋሼ ተሰማ ጓደኛ በመኪናው ወሰደን። ጋሼ ተሰማ በሾፌሩና በእህቴ መካከል ተቀመጡ። ደብረ ሲናን አልፈን የጣርማበርን ዳገት ስንያያዘው ዝቅ ብዬ አየሁ፤ በየጠመዝማዛው ግራ እግራቸው ወለሉን ይጫናል። ፍሪሲዮን እየፈለጉ ነው። ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር የሳቸውም እግር ከእሱ እኩል ይረግጣል፣ አንዲትም ጊዜ ሳይዘገይ። መንገዱ ወዴት እንደሚወስድ ረስተዋል፤ እንዴት እንደሚወጣ ግን አልረሱም። ሾፌሩም አይቶት ኖሮ ከዚያ ወዲያ ማርሽ በቀየረ ቁጥር «እሺ ጋሼ» ይል ጀመር።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ የተቀበሉን ሐኪም ፀጉራቸው የሸበተ ፈረንጅ ናቸው። በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ጋሼ ተሰማን አስነሥተው አስኬዷቸው፤ በመዶሻ ጉልበታቸውን መቱ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ከኋላቸው ሄደው ድንገት አጨበጨቡ። ጋሼ ተሰማ ሁለመናቸው ዘለለ። እህቴም ዘለለች፤ ሐኪሙ ግን የጻፉት የእሳቸውን ብቻ ነው።

ጥያቄው ቀጠለ። ትኩሳት ነበረው? አልነበረውም። ውሻ ነክሶት ነበር? ኧረ ውሃውን ጠጥቶ ድገሙኝ ብሏል። ራስ ምታትና ትውከት፣ የአንድ ጎን መድከምስ? የለም። ከአባት ከእናት ወገን እጅ እግሩ ሳያዝዘው እየተወራጨ የሞተ ዘመድ አለ? የለም። የጀመረው መቼ ነው? ከመስቀል ወዲህ። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ብዕራቸውን አኖሩ። ለካ እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ በሽታ ማባረሪያ ኖሯል።

ከዚያ እህቴን እያዩ አስረዱን። የወባና የውሻው ከውጭ መጥተው በቀናት ይጨርሳሉ። ጭንቅላት ውስጥ ዕጢ ሲያድግ ቦታ ያጣብባል፤ ስለዚህ ያሳምማል፣ ያስመልሳል፣ አንዱን ጎን ያደክማል። ከወላጅ የሚወረሰውና ሰውነትን የሚያወራጨው ዓመታት ይቆያል። የእርጅናው መርሳትም እንደዚያው፤ ዝግ ብሎ ነው። ይህኛው ግን ወራት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ማስታወሱን፣ ዓይኑን፣ እግሩን፣ ምላሱን በአንድ ጊዜ ነው የሚይዘው። እጅግ ብርቅ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ያዩት በተማሪነታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። የአንጎሉ ሥጋ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል አሉና አንድ ቃል ተናገሩ፤ በኋላ ስጠይቅ ስፖንጅ ኖሯል። እኔ ያኔ የመጣልኝን ነው ያስተረጎምኩት። «እንደ እንጀራ ዓይን ይሆናል» አልኳት። እህቴ ገባት። ወዲያው ገባት፤ ፊቷ ላይ አየሁት።

«ከምግብ ይመጣል?» ብላ ጠየቀች። የመጣችውም ለዚሁ ጥያቄ ነው።

ሐኪሙ እንደ መምህር ሰው ናቸውና አጭር መልስ አያውቁም። የዚህኛው መነሻ ገና አልታወቀም አሉ፤ አብልቶ የሚያስይዝ ሰው ግን የለም። በሩቅ ደሴት የሚኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን ይህን የሚመስል በሽታ ተገኝቷል፤ እነዚያ ሰዎች ዘመዳቸው ሲሞት ለፍቅር ብለው ከሥጋው ይቀምሱ ነበርና በሽታው በዚያ እየተላለፈ ነበር አሉ። እንዴት አድርጌ ላስተርጉመው? አስተረጎምኩት። እህቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ ዞረች።

«እኛ ለቅሶ ላይ ንፍሮ ነው የምንበላው በልልኝ» አለች።

እንዳለ አስተላለፍኩት። ሐኪሙ ሳቁ፤ እህቴም ሳቀች፤ ጋሼ ተሰማም ሰው ሲስቅ አይተው ሳቁ። ከመስቀል ወዲህ ሦስት ሰው አብሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

«መድኃኒቱስ?» አለች ቆይታ። ይህን ማስተርጎም አላስፈለገኝም፤ ሐኪሙ ከድምፅዋ ተረድተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ። ያ በሽታ ሳይሆን አይቀርም፤ በእርግጥ እሱ ነው ለማለት ግን የሚቻለው ከሞቱ በኋላ አንጎላቸው በማጉያ መነጽር ሲታይ ነው። ትፈቅጃለሽ ወይ?

«ሙሉውን ነው ያመጣሁት» አለች እህቴ። «ሙሉውን ነው የምመልሰው።»

ሐኪሙ አልተቀየሙም። ቀስ እያላችሁ አብሉት፣ አገላብጡት፣ ብቻውን አትተዉት አሉን። ተነሥተውም ጋሼ ተሰማን ጨበጧቸው፤ እጃቸው አየሩን እንዳይጨብጥ ራሳቸው ፈልገው ያዙት።

በተመለስን በማግስቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ሰው ተሰበሰበ። አቶ በቀለ መሀል ተቀምጠዋል፤ ጠመንጃው ጭናቸው ላይ ነው። እትዬ አስካለ ቆማ ተናገረች። የአንጎል በሽታ ነው፣ ከሰው የተላከ አይደለም፣ ከምግብም ከልብስም አይመጣም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ስሙን ንገራቸው» አለችኝ። በሽታው የሁለት ፈረንጆች ስም ተደርቦበት የሚጠራ ነው። ሐኪሙን ሁለቴ አስደግሜ የሸመደድኩትን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። እንዲህ ያለ ረጅም ስም ያለው ነገር ውሸት ሊሆን አይችልም። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ድገመው እስቲ» አሉ፤ ደገምኩት። ጉምጉምታው ረገበ።

«ሐኪሙ እርግጠኛ ነው?» አሉ አቶ በቀለ።

«ያለ ጥርጥር» አለች እህቴ።

ጠጋ ብዬ በጆሮዋ «እትዬ፣ 'ሳይሆን አይቀርም' ነው እኮ ያሉት» አልኳት።

«አንተ ለሐኪሙ አስተርጉም» አለችኝ በጥርሷ መሀል። «እኔ የማስተረጉመው ለሸዋ ሮቢት ነው።»

እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። እኔ እስከ ዛሬ ከሁለቱ ትርጉም የትኛው ትክክል እንደነበር እያሰብኩ ነው፤ በአንዱ ግን አንዲት ሴት ከነቤቷ ተርፋለች።

አቶ በቀለ ጠመንጃውን ከጭናቸው አውርደው መሬት ላይ አስተኙት። እህቴ ግን አልጨረሰችም። «ከነገ ጀምሮ በላይነሽ እዚህ እየመጣች ታግዘኛለች» አለች። «እሱን ማጠብ የምታውቅ እሷ ናት። በዚህ ነገር የሚለው ያለው ሰው ካለ አሁን፣ ለእኔ ይበል።» ሰዉ ነጠላውን እያጣፋ አንድ በአንድ ወደ በሩ አመራ። መቼም ለወሬ እንጂ ለመልስ የተዘጋጀ አልነበረም።

በላይነሽ መጣች። መጀመሪያ ሰሞን እህቴ ከዳር ቆማ ታያት ነበር፤ በላይነሽ ሳፋውን አቅርባ፣ ከግንባራቸው ጀምራ፣ ከጆሯቸው ኋላ ያለውን ሳትረሳ ስታጥባቸው። ኋላ እህቴ ፎጣ መያዝ ጀመረች። ኋላ አንዷ ስታጥብ ሌላዋ ታለብስ ነበር። ጋሼ ተሰማ መናገሩን ትተዋል፤ ማን ማን እንደሆነም አያውቁም። ውሃው ፊታቸውን ሲነካ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ። ቤቱ ሐዘን ቤት መሆን ሲገባው ምን እንደነካው አላውቅም፤ ሳቅ ይሰማበት ነበር። ሁለቱ ሴቶች ስለ አንድ ሰው ሁለት ግማሽ ወሬ ነበራቸው፤ አንዷ ከጀውሃ ወዲያ ያለውን፣ ሌላዋ ከጀውሃ ወዲህ። እያገጣጠሙት ይውላሉ።

አቶ በቀለም ከገጠር እየተመላለሱ ወንድማቸውን በክንዳቸው አቅፈው ወደ ማንጎው ጥላ የሚያወጡት እሳቸው ሆኑ። በላይነሽ ስትገባ ይነሣሉ፤ ስትወጣ ይቀመጣሉ። አንድም ቃል አላናገሯትም። ክፋት አልነበረም፤ ምን ብለው ይጀምሩ?

ጋሼ ተሰማ ሁዳዴ ሊገባ ሲል አረፉ። ማለዳ ነው፤ እህቴ ራስጌ፣ በላይነሽ ግርጌ ነበሩ። አልተጨነቁም። ትንፋሻቸው እየራቀ ሄዶ በመጨረሻ አልተመለሰም። ሙሉ ሆነው ተቀበሩ፣ እንደተባለው። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ደግሞ ብታዩ! ያ ሁሉ የሰፈር ሐኪም ስለ አንጎልና ስለ እንጀራ ዓይን ከሩቅ ለመጣው ዘመድ እያስረዳ ንፍሮውን ይቆረጥማል። የሁለቱን ፈረንጆች ስም አስተካክሎ የሚጠራ ግን አልነበረም። አንዱ ሁለቱም የዚያው ሐኪም ወንድሞች ናቸው ሲል ሰማሁ።

ከፋሲካ በኋላ አቶ በቀለ ካራቆሬ ጉዳይ ገጥሟቸው፣ እኔም ኤፌሶን የምሄድበት ነበረኝና በአንድ መኪና ተሳፈርን። ሾፌሩ ጀውሃ ላይ ቆመ። በላይነሽ ደጃፍ መኪና ተሰልፏል፤ ሾፌር እንደሆነ ሆዱ ከወሬው ይበልጥበታል። ሁሉም ወረደ። አቶ በቀለ አልወረዱም። በዚያ ሙቀት፣ ቆርቆሮ በሚያቀልጠው፣ ጋቢና ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እኔ ገብቼ ተቀመጥኩ። በላይነሽ በመስኮት አየቻቸውና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ወርደው፣ ጎንበስ ብለው በሩን አልፈው መጡና ከጎኔ ተቀመጡ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ማላመጡን አቆመ። በላይነሽ ትሪ አምጥታ ፊታቸው አኖረች፤ እጃቸውን አስታጠበቻቸው። አማትበው ቆረሱ። ጎረሱ። ሁላችንም አብረናቸው የዋጥን ያህል ነው።

«ጨው የለውም» አሉ።

በላይነሽ ማስታጠቢያውን እንደያዘች «አውቄ ነው የተውኩት» አለች። «አንድ ነገር ጨመረችበት እንዳይሉኝ ብዬ።»

አቶ በቀለ ቀና ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አዩት። ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተነቃነቀ። ትሪውን በሁለት እጃቸው ወደ እሷ ገፋ አድርገው፣

«ጨምሪበት» አሉ።